ከመጨረሻው የምትጀምር አንባቢ

ዘርትሁን መጽሐፍ የምትጀምረው ከመጨረሻው ነው። አዲስ መጽሐፍ እጇ ሲገባ እንደቆመች የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ታነባለች። የሞተ ሰው ከሌለ ወንበር ስባ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የሞተ ካለ ማን እንደሆነ ለይታ፣ አስቀድማ አዝናለት፣ ከዚያ ትጀምራለች።

ይህን ልማድ ያመጣባት ደብዳቤ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ባሏ ከጅጅጋ ግንባር «ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ለልጃችን ስም ሳታወጪ ጠብቂኝ» ብሎ ጻፈላት። ደብዳቤው አምቦ ፖስታ ቤት የደረሰው ከመርዶው አሥራ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። መጨረሻውን እያወቀች ያነበበችው የመጀመሪያ ጽሑፍ እሱ ነበር። ልጅቷን እንቁ አለቻት። ከዚያ ወዲህ እንቁ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ከዘገየች ሁሉቃ ወንዝ ወስዷታል፤ የራሷ እናት ሁለት ጊዜ ካሳሉ ሳንባቸው ነው፤ በር ከተንኳኳ መርዶ ነው።

የምትሠራው በቀበሌው ንባብ ቤት ነው። ሁለት መደርደሪያ፣ አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ መዝገብ። መዝገቡን ያመጣው ኮሚቴው ነው። ሰዎች መጽሐፍ ተውሰው ሳያነቡ ይመልሳሉ ተብሎ፣ የሚመልስ ሁሉ አስተያየቱን በሁለት መስመር እንዲጽፍ ተወሰነ። አብዛኛው ሰው «ጥሩ ትምህርት አግኝቼበታለሁ» ብሎ ይፈርማል። አንድ መምህር ግን በዚያ መዝገብ የልቡን መጻፍ ጀመረ።

ሌታ ይባላል። ከሩሲያኛ ስለተተረጎመ አንድ ወፍራም መጽሐፍ «ሰዎቹ ሁሉ ሦስት ሦስት ስም አላቸው። እስከ ገጽ ስልሳ ማን ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ፈረሱን ግን ወደድኩት» ብሎ ጻፈ። ስለ አንድ የወንጀል ልቦለድ ደግሞ «ገዳዩን በሦስተኛው ምዕራፍ አወቅኩት። መርማሪው እስከ መጨረሻው አላወቀም። ደመወዙን የሚበላው ግን እሱ ነው» አለ። ዘርትሁን ለብቻዋ ሳቀች። በሳምንቱ፣ ማንም የማያነበውን የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ወስዳ አነበበችና እሱ ከጻፈው ሥር «ደስ የሚል መጽሐፍ ነው። ከአንድ አውራ ዶሮ በቀር ማንም አልሞተም» ብላ ጻፈች። ሌታ መዝገቡን አንብቦ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ የሚመልሰው ሳያልቅለትም ነበር።

እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው ዓመት ሌታ ወደ ጌዶ ተዛወረ። ሊሄድ ሲል የእናቷ የወይዘሮ አሰፋሽ ዓይን በሞራ መጋረዱን ሰማ። አሮጊቷ በራዲዮ የሚተረከውን ልቦለድ በየሳምንቱ ይሰማሉ፤ ትረካው እየተቆረጠባቸው ግን ይበሳጫሉ። «እኔ አነብላቸዋለሁ» አለ ሌታ። ከጌዶ እያነበበ በካሴት ይቀዳል፤ ሾፌሩ ዳዲ ይዞ ይመጣል።

ካሴቶቹ ባዶ አልነበሩም። የሌታ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ መዘምራኑ ተበትነዋል፤ በእጁ የቀሩትን የመዝሙር ካሴቶች ነበር እየደረበ የሚቀዳባቸው። «ፍተሻ ከመጣ ከመዝሙሩ ልቦለዱ ይሻላል» ይላል። ታዲያ ንባቡ አልቆ ክሩ ትንሽ ሲተርፍ የድሮው መዝሙር ከሥር ብቅ ይላል። ወይዘሮ አሰፋሽ መጀመሪያ ሰሞን አማተቡ፤ በኋላ ለምደውት «ጴንጤዎቹ ሳይመጡ አጥፊው» ይሉ ጀመር።

ከእያንዳንዱ ካሴት መጨረሻ፣ ከመዝሙሩ በፊት፣ ሌታ ስለ መጽሐፉ የራሱን አስተያየት ይናገራል። ለእናትየው እያስመሰለ ለዘርትሁን የሚናገረው እዚያ ላይ ነው። ዘርትሁን ካሴት በመጣ ቁጥር አስቀድማ መጨረሻውን የምትሰማው ለዚህ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሌታ አምቦ መጥቶ ንባብ ቤት ቆሞ ሳለ ዓመት የያዘችውን ጥያቄ አወጣችው።

«ለእናትህ ነግረሃል?»

እናቱ ወይዘሮ ጉዴ ለልጃቸው ከምእመናኑ መካከል ልጃገረድ አይተውለታል። ባል የሞተባት፣ ልጅ ያላት፣ ያውም ማርያምን የምትሳለም ሴት ያመጣብኛል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም። ሌታ አንገቱ ላይ ያለውን ሻርፕ ነካ ነካ አደረገ። ዘርትሁን የሠራችለት ሻርፕ ነው።

«መልሴን በሚቀጥለው ካሴት ትሰሚያለሽ» አላት። «ፊት ለፊት ከሆነ አፌን ሳልከፍት መጨረሻውን ትገምቺብኛለሽ።»

ሄደ። እሷም ገመተች፤ ክፉ ክፉውን ብቻ።

*

በግንቦት ሰባ ዘጠኝ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የዳዲ አውቶቡስ በደጃፋቸው ሲያልፍ ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ዕቃ አለ ማለት ነው። ዘርትሁን ንባብ ቤቱን ቆልፋ መናኸሪያ ወረደች።

«አካም ጂርታ፣ ዘርትሁን!» አለ ዳዲ፣ መሪው ላይ ተደግፎ።

«ነጋ፣ ኦቦ ዳዲ። ሌታ ደህና ነው? አልታመመም?»

«ለምን ይታመማል? እንደ ኮርማ ነው። ይኸው ካሴትሽ። ‹ከመጀመሪያው ጀምራ ትስማው በልልኝ› ብሏል። ዓርብ ደግሞ ራሱ ይመጣል።»

«ለምን?»

«ወደ ሰፈራ ጣቢያ በፈቃዳቸው የሚሄዱ መምህራን ስም ዓርብ ይዘጋል ይላሉ። ለዚያ መሰለኝ።»

«ሊመዘገብ ነው? ወዴት ነው የሚሄደው? ምን አለህ?»

«ኧረ እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ የንስሐ አባቱ አይደለሁም! እነሱ ደሞ የንስሐ አባት የላቸውም» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ንባብ ቤት ተመልሳ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና በስብሰባ ቀን ዘፈን የሚከፈትበትን የቀበሌውን ቴፕ ከቁም ሳጥን አወጣች። ከመጀመሪያው የሚለው መልእክት በጆሮዋ አልፎ ሄዷል። ካሴቱን ገልብጣ፣ ባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ሰክታ አጠነጠነችው። የጣት ውፍረት የምታህል ክር ስትቀር ቴፑ ውስጥ ከተተችና ተጫነችው።

የሌታ ድምፅ ነው። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ።

«… ለእናቴ ነገርኳት፤ አለቀሰች። ልጅ ያላት ሴት ይዤ በእናቴ ደጃፍ መቆም አልቻልኩም። ፈሪ በይኝ፤ ፈሪ ነኝ። ወደ ሩቅ አገር እሄዳለሁ። ደግመሽ አትጻፊልኝ፤ ብትጽፊም አላነበውም። የሰጠሽኝን ሹራብ ለአንድ ምስኪን ሰጥቼዋለሁ። ደህና ሁኚ።»

ከዚያ ክሩ ተንኮሻኮሸ፤ መዘምራኑ ብቅ አሉ። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሆኖ ይዘምራል። ወደ ወገኖቹ ተመለሰ አለች በልቧ።

ሹራብ። ሹራብ መቼ ሰጠሁት? ሻርፕ ነው እንጂ። ለአፍታ እጇ ቴፑ ላይ ቀረ። ከዚያ ያም ራሱ ወጋት፤ ምን እንደሰጠሁት እንኳ አያስታውስም።

አላለቀሰችም። የምትጠብቀው ነገር ነበር፤ መጥቷል። እንዲያውም ትከሻዋ ላይ የከረመ ሸክም የወረደ መሰላት። በማግስቱ ጠዋት ሌታ ያዋሳትን ሁለት መጻሕፍት በጋዜጣ ጠቅልላ ለዳዲ ሰጠችው። መሐላቸው ያስገባችው ብጣሽ ወረቀት መዝገቡ ላይ እንደሚጻፈው አስተያየት አጭር ነበር፦ «መጨረሻውን ሰምቻለሁ። መልካም መንገድ።»

ዳዲ እሽጉን ተቀብሎ ፊቷን አየና ቀልዱን ዋጠው። አውቶቡሱ በጉደር መንገድ እስኪሰወር ቆማ አየችው። ሸክሙ ወርዷል፤ ግን ትከሻዋ ቀዘቀዘ።

*

«ካሴቴስ?» አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ ረቡዕ ማታ፣ እራት ላይ።

«አልመጣም፣ እማዬ።»

«ዳዲ ትናንት ሁለቴ ነፍቷል።»

«ለሌላ ሰው ይሆናል።»

አሮጊቷ ስላለፈው መጽሐፍ ያወሩ ጀመር። አንድ ካሴት በሰሙ ቁጥር ሳምንት ሙሉ ያወሩለታል። «ያ የጉምሩክ ሹም ምግብ አይበላም እንዴ? ሦስት ካሴት ሙሉ ከባቡር ባቡር ይሮጣል፤ አንድ ቀን ምሳ በላ አልተባለም። የጻፈው ሰው ሚስት የለችውም መሰለኝ።»

እንቁ ትን እስኪላት ሳቀች። ዘርትሁን ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። እናትየው ዓይናቸው አያይም፤ ያልሳቀውን ሰው ግን በጆሮአቸው ለይተዋል።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ስለነበር ንባብ ቤቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ተዘጋ። ዘርትሁን ጃንጥላዋን ልትወስድ ቤት ገባች። ወይዘሮ አሰፋሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቴፑ ጭናቸው ላይ ነው።

«ነይ ተቀመጪ።»

«እማዬ፣ ስብሰባ አለብኝ። ስም ይጠራል።»

«ስብሰባው አይሞትም። ተቀመጪ አልኩ።»

ዘርትሁን ካሴቱ ቴፑ ውስጥ ሲዞር አየች። «ከየት አገኘሽው?»

«ከነጠላሽ ሥር። ዓይኔ ነው እንጂ የታወረው፣ እጄ መች ታወረ።» አሮጊቷ ቴፑን አጠፉት። «ሁለቱንም ገጽ ሰማሁት። ጥሩ መጽሐፍ አይደለም። ሰውየው ልፍስፍስ ነው። በእናቱ ያሳብባል። ሴትዮዋም ሞኝ ነች፤ በበጋ ሹራብ ትሠራለታለች፤ እሱ ወስዶ ለለማኝ ይሰጥባታል። መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ጽፎላት ይጠፋል። የኛ ሌታ ግን ሲያነበው ልክ ራሱ የጻፈው ነው የሚመስለው፤ እንዴት አድርጎ ነው ያነበበው!»

የዘርትሁን ጃንጥላ ከእጇ ወደቀ።

«ሹራብ?»

«አዎ ሹራብ። ምን ሆንሽ?»

«ደብዳቤው … የመጽሐፉ ነው?»

ወይዘሮ አሰፋሽ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። ነገሩ ገባቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «አንቺ ልጅ! ከመጨረሻው ነው የሰማሽው?»

 አሮጊቷ ቴፑን ዳበሱ፤ ካሴቱን አውጥተው ገለበጡት፤ ሁለተኛውን መጫኛ በጣታቸው ቆጥረው አገኙና ክሩን ወደ ኋላ መለሱት።  ከዚያ የሌታ ድምፅ መጣ፤ እየተቻኮለ፣ እየተደናቀፈ፣ መጽሐፍ እንደማያነብ ሰው።

«አዴ አሰፋሽ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዘርትሁን፣ አንቺም ካለሽ። መጽሐፉ ረጅም ስለሆነ መጨረሻ ላይ ክሩ ያልቅብኛል፤ ስለዚህ አስተያየቴን ዛሬ እዚህ መጀመሪያ ላይ ልናገር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ፈሪ ሰው አለ። ሳነበው ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ዓመት ሙሉ እሱን እመስል ስለነበር ነው። አሁን አልመስልም። ለእናቴ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ‹ልጅቷ ስንተኛ ክፍል ነች?› አለችኝ። አራተኛ አልኳት። … አዴ አሰፋሽ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው። በፊት ግን የሷን ቃል እፈልጋለሁ። ዓርብ አውራጃ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነኝ። መዝገቡ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዘርትሁን ከመጣች ስሜ አይጻፍም። ካልመጣች ግን ጌዶ ተቀምጬ በየሳምንቱ የዳዲን አውቶቡስ ማየት አልችልም። እሄዳለሁ። እንግዲህ ምዕራፍ አንድ …»

ወይዘሮ አሰፋሽ አጠፉት።

«በካሴት ሴት ልጅ ይጠየቃል?» አሉ፤ ቁጣቸው ግን ጉልበት አልነበረውም። «ሦስት ሽማግሌ ደጅ መጥቶ፣ ቁጭ በሉ ሳይባል ቆሞ ነው የሚጠየቀው። ይሄ በአራት ባትሪ ድንጋይ ሽማግሌ ላከብኝ!»

«እማዬ … ‹መልካም መንገድ› ብዬ ጽፌለታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ረቡዕ። ከዳዲ ጋር። መጨረሻውን ሰምቻለሁ፣ መልካም መንገድ ብዬ።» አሁን አለቀሰች። «አበቃ። ይሄኔ ተጽፎ ጨርሷል።»

«አየሽው?»

«አላየሁም፤ ግን …»

«አላየሽማ!» አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ፈለጉ፤ አገኙትና ያዙት። «ስሚኝ። እኔ እሺ አላልኩም። ጴንጤ ነው፤ እናቱም አትወደንም፤ ይሄ ሁሉ ገና አለ። ሽማግሌ ሲመጣ እምቢ የምለው ግን እኔ ነኝ። አንቺ ሽማግሌው ሳይመጣ፣ ያውም ሳትሰሚ፣ በኔ ቦታ እምቢ ትያለሽ?»

«ፈራሁ።»

«አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትፈሪ እሰማሻለሁ። ያ ደብዳቤ ከመርዶው በኋላ ነው የመጣው፤ እውነት ነው። ግን ዘርቱ፣ ያ ልጅ ደብዳቤውን ሲጽፍ እኮ በሕይወት ነበር። ልጁን ሊያይ ነበር፣ ደስ ብሎት ነበር። አንድም ቀን እንደሱ አድርገሽ አላነበብሽለትም።»

ዘርትሁንን ዘጠኝ ዓመት በሣጥን የተቀመጠ ወረቀት ትዝ አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታያት ግን ወረቀቱ ሳይሆን የጻፈው እጅ ነው፤ ሲሞቀው፣ ሲቸኩል፣ ቀለም ጣቱ ላይ ሲነካው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ።

«ዐሥር ሰዓት ተኩል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሽማግሌዎቹ ሦስት ይሁኑ በይው። አንዳቸው የኛን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ይሁን።»

*

ጃንጥላውን ረስታ ወጣች። ዝናቡ ገና ካፊያ ነው። በስብሰባው አዳራሽ ፊት ስታልፍ ስም ሲጠራ ሰማች፤ የሷ ፊደል አልደረሰም ነበር። ሰኞ «ለምን ቀረሽ» ተብላ እንደምትጠየቅ አወቀች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ደግሞ ሌታ ተጽፎ፣ ፈርሞ፣ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ፣ አውቶቡሱ ገደል ገብቶ ታያት። እንዲያም ሆኖ እግሯ አልቆመም።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በመስኮቱ ውስጥ አንድ ጸሐፊ መዝገብ ፊቱ ዘርግቶ ያዛጋል። ከጥዱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ሌታ ተቀምጧል። ሻርፑ አንገቱ ላይ ነው። ጭኑ ላይ አንድ መጽሐፍ አለ፤ በእጁ ብጣሽ ወረቀት ይዟል።

ቀና ብሎ አያት። አልተነሣም።

«ተጻፍክ?» አለች። ትንፋሿ ተቆርጧል።

«ገና።»

«ለምን?»

«አሥራ አንድ ሰዓት አልሆነማ።» ወረቀቱን አሳያት። «‹መጨረሻውን ሰምቻለሁ› ብለሽ ጽፈሻል። ይሄን መቶ ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ‹ሰምቻለሁ› ብቻ ብትዪ ኖሮ ጠዋት ተጽፌ እሄድ ነበር። ‹መጨረሻውን› ስትዪ ግን፣ ይቺ ሴት መጽሐፍ ከየት እንደምትጀምር አውቃለሁ ብዬ …»

«ታዲያ ለምን ንባብ ቤት አልመጣህም? እንዲህ ከጠረጠርክ!»

«ፈራኋ! ከመጀመሪያውም ሰምተሽው እንደሆነስ?»

ዘርትሁን ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡባት። አጠገቡ ተቀመጠች፤ በመሐላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ትታ፣ ጸሐፊው ያያልና።

«ሹራብ መቼ ሰጠሁህ?» አለች።

«ምን ሹራብ?»

«ተወው።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እማዬ ሽማግሌዎቹ ሦስት ይሁኑ ብላለች። እሺ ግን አላለችም።»

«እናቴም እሺ አላለችም» አለ ሌታ። «የእንቁን ክፍል ብቻ ነው የጠየቀችው።»

ደወሉ ተደወለ። አሥራ አንድ ሰዓት። ጸሐፊው መዝገቡን አጥፎ ወደ እነሱ ጮኸ፦ «መምህር! ትጻፋለህ ወይስ ልዝጋ?»

ሌታ ዘርትሁንን አያት። ዘርትሁን ሰኞ የሚጠብቃትን ጥያቄ፣ የወይዘሮ ጉዴን ፊት፣ የጎረቤቱን አፍ፣ እንቁ ምን እንደምትል ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰበች። አንዱም አልጠፋም፤ ሁሉም እንዳሉ ናቸው። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

«ዝጋው፣ ወንድሜ» አለ ሌታ።

መስኮቱ ተዘጋ። ካፊያው በጥዱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ሌታ መጽሐፉን ከጭኑ አንሥቶ በመሐላቸው ባለው ክፍት ቦታ አኖረው። የዘርትሁን እጅ እንደ ልማዱ ወደ ኋለኛው ሽፋን ሄደ፤ ጣቷ የመጨረሻውን ገጽ ነካ፤ እዚያው ቆየና ተመለሰ። መጽሐፉን ገልብጣ ምዕራፍ አንድን ከፈተች።

«እሺ፣ እንዴት አገኘሽው?» አላት፤ መጽሐፍ የሚመልስ ሁሉ መዝገቡ ላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ።

«እኔ እንጃ» አለች ዘርትሁን። «ገና መጀመሪያው ላይ ነኝ።»